የእታለም ድምፅ

ሚጡ ከመናገሯ በፊት የማንኳኳት ልማድ ነበራት። ከጓዳ ሆና ሳሎን ያሉትን እናቷን መጥራት ስትፈልግ መጀመሪያ በሩን በጣቷ ቋ ቋ ታደርጋለች፤ ከዚያ ነው አፏን የምትከፍተው። «በገዛ ቤትሽ እንግዳ ነሽ እንዴ?» ብላ የሳቀችባት ጎረቤት ነበረች። ሚጡ ግን ያለ ምክንያት አልጀመረችውም።

ታላቅ እህቷ ከሞተች ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሆና «እማዬ፣ ፎጣ አቀብዪኝ!» ብላ ተጣራች። መልስ ጠፋ። ብቅ ስትል እናቷ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እሷ መሰለችኝ» አሉ።

በመልክ እህትማማች አይመስሉም ነበር። ታላቂቱን ሚጡ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «እታለም» ነው የምትላት፤ በኋላ ቤቱም ጎረቤቱም ተቀብሎት ቀረ። እታለም ቀይ፣ ረጅም፣ ዓይነ ትልቅ ነበረች። ሚጡ ጠይም ናት፣ አጠር ያለች፣ ግንባሯን ቋጠር ማድረግ የምታበዛ። ድምፃቸው ግን አንድ ነበር። ስልክ ሲደወል አባታቸው እንኳ «የትኛዋ ነሽ?» ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም። ያኔ ቤቱን የሚያስቅ ነገር ነበር።

አሁን ግን እናቷን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ሚጡ ቤት ውስጥ ወሬ ቀነሰች። የሚገርመው መተዳደሪያዋ ድምጿ መሆኑ ነው። መናኸሪያው ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ ክፍል፣ ከማይክራፎን ፊት ተቀምጣ ሊነሱ የደረሱትን አውቶቡሶች ታስታውቃለች። እዚያ እንደልቧ ትናገራለች። ቤት ስትገባ ጫማዋንና ድምጿን አብራ ከበር ላይ የምታወልቅ ይመስላል።

የእታለም ሞት እንዲህ ነበር። ሠርጓ በተቃረበ ሰሞን ሆዷን ያዛት። በሰፈሩ ያለው ክሊኒክ «አሁኑኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷት» አለ። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ አንስተው ጋቢና አስገቧት። ሚጡ የእህቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስተኛች። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ረጅሙን አቀበት ሲያያዙት መኪናው ማሳል ጀመረ። ከዚያ ቆመ። አባቷ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ቱቦውን በአፋቸው ነፉ፣ ናፍታ ተፉ፣ እንደገና ሞከሩ። መንገዱ ጭር ያለ ነበር፣ ፀሐይዋም አናት ላይ። እታለም ዓይኗን ጨፍና በየመሐሉ «ተነሳ?» ትል ነበር። ሞተሩን ነው። ሚጡም «አሁን ይነሳል» ትላታለች። በመጨረሻ አንድ መኪና ደርሶ ሲቆም፣ ጥያቄው ከቆመ ቆይቶ ነበር።

መኪናው ተጎትቶ መጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ። አባቷ ሁለተኛ አልነኩትም። በረንዳ ላይ ሲቀመጡ እንኳ ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው ነው። እናቷ ግን ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዘው ይወጡና የጋቢናውን መስታወት ብቻ ወልውለው ይመለሳሉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን እናቷ ጨርቁን እንደያዙ ወደ በረንዳው መጡ።

«ይሄ መኪና ወይ በራሱ እግር ይውጣ፣ ወይ ተቆራርጦ ይውጣ» አሉ ለባላቸው። «ከእንግዲህ በግቢዬ ውስጥ መቃብር አልጠብቅም።»

«አይቆራረጥም» አሉ አባቷ።

«እንግዲያው የሚሠራው ሰው ጥራ።»

«የዚህን መኪና ሆድ ዕቃ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።»

ማን እንደሆነ ሚጡን ጨምሮ ሦስቱም ያውቃሉ። እታለም ቀለበቱን በጣቷ እንዳደረገች የተቀበረችበት፣ እጮኛዋ የነበረው መካኒክ ነው። የሞተች ዕለት ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር፤ የደረሰው ለቀብር ነው። ከሐዘኑ በኋላ ያንን በር አልረገጠም። ማንም አልፈረደበትም።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የመሣሪያ ሳጥኑን በአንድ እጁ፣ አዲሱን የናፍታ ፓምፕ ከነካርቶኑ በብብቱ ይዟል። ጺሙን አሳድጓል፣ ከስቷልም። የግቢው በር ላይ ቆሞ ዓይኑ መኪናው ላይ ቀረ።

«እግርህ ከበደህ እንዴ ልጄ?» አሉት እናቷ በለሰለሰ ድምፅ።

«ትንሽ ከብዶኛል እትዬ።»

ሚጡን በዓይኑ ሰላም አላት። እሷም አንገቷን ሰበር አደረገች። ቃል አልተነፈሰችም፤ አውቃ ነው። አባቷ ቁልፉን ሰጥተውት ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ከመኪናው ሥር ጨለማ ነው፣ የእጅ ባትሪ የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። የቀረችው እሷ ነበረች።

በጀርባው ተንፏቆ ገባ። እሷ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አበራችለት። «ከፍ አድርጊው» ሲላት ከፍ፣ «ወደ ግራ» ሲላት ወደ ግራ። ቱቦዎቹን ፈታ፤ የከረመ ናፍታ ጠብ ጠብ ብሎ ጆንያው ላይ ፈሰሰ። ፓምፑን ከሞተሩ ጎን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ናቸው። አንዱ ወጣ። ሌላው ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ታገለው፣ ተሳደበው፣ ለመነው። መፍቻው አመለጠና እጁ ከብረቱ ጋር ተላተመ።

«ወይኔ! ተጎዳህ?» አለች ሚጡ ሳታስበው።

ከመኪናው ሥር ያለው ድምፅ ሁሉ ቆመ። ቆይቶ፣ በጣም በለሆሳስ፣ «ደህና ነኝ ዓለሜ» አለ። «አሥራ አራት ቁጥሩን አቀብዪኝ።»

«ዓለሜ» እታለምን የሚጠራበት ስም ነበር። ሚጡ ያኔ በመስኮት እየሰማች ትስቅበት ነበር።

አሥራ አራት ቁጥር መፍቻውን አቀበለችው። ከዚያ የእጅ ባትሪውን እንደበራ መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። እሱ ሲወጣ ያገኘው ብቻውን የሚበራ ባትሪ ነበር። ለእናቷ «ቡሎኑ እምቢ ብሏል፤ ዘይት አጠጥቼው ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ሚጡን ያሳፈራት የእሱ ስህተት አልነበረም። ቃሉ ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ ደስ ማለቱ ነው። የሞተች እህቷን ልብስ ለብሳ መስታወት ፊት የቆመች ያህል ተሰማት።

በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ አባቷ በረንዳው ላይ አልነበሩም። ወንበራቸውን ተሸክመው ከመኪናው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቡሎኑም ሌሊቱን አስቦበት ይመስል ያለ ብዙ ትግል ተፈታ። መካኒኩ አሮጌውን ፓምፕ አውጥቶ ጆንያው ላይ አኖረው።

«ክፈተው» አሉ አባቷ።

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? አዲሱን እገጥማለሁ።»

«ክፈተው አልኩህ።»

ከፈተው። ውስጡ ያለውን፣ ናፍታ የሚገፋውን ክብ ላስቲክ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ ዘረጋው። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታሾልክ ስንጥቅ አለች። አባቷ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት ጋሼ።»

«እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ነው የሚቀደደው? ወይስ ቀድሞ ያስታውቃል?»

ሚጡ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ለአባቷ «ብረት አይታመንም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ሲል ነው የኖረው። በሆዷ «በድንገት ነው በል፣ እባክህ በድንገት ነው በላቸው» ብላ ለመነችው።

እሱ ላስቲኩን ጆንያው ላይ መለሰ።

«ያስታውቃል» አለ። «አቀበት ላይ ይደክማል። ጠዋት ለመነሳት ያንገራግራል። ያስላል።»

«ያስል ነበር» አሉ አባቷ። «ስንት ጊዜ አሳለ! ሠርጉ ይለፍና አስቀይረዋለሁ እያልኩ...»

«እኔም ሰምቼዋለሁ ጋሼ። እዚህ ግቢ ሲገባ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ሠርጉ ይለፍ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አባቷ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ያ በቀብር ላይ እንኳ ዕንባ ያልታየበት ፊት ተሰባበረ። ሰውየው እንደ ልጅ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። መካኒኩ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠና፣ ናፍታ የነካውን እጁን ጉልበታቸው ላይ አኖረ። እናቷ በመስኮት አዩ፤ አልወጡም። ሚጡም አልቀረበችም። እዚያው ደረጃ ላይ ሆና ሰው እንዴት በእውነት እንደሚጽናና ተመለከተች።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። የብረቱን ፊት ፍቆ አጸዳ፣ ናፍታ እንዳያፈስ በመሐል አዲስ ጋርኒሽን አደረገ፣ ፓምፑን ገጥሞ ቡሎኖቹን አሰረ። ንጹሕ ናፍታ ተሞላ። ቀጥሎ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው፤ የናፍታ ማጣሪያው ፊልትሮ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላልቶ ፓምፑን በእጁ ሲገፋ መጀመሪያ አረፋ እየተፋ መጣ፣ ከዚያ አረፋው ቀጠነ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍታ ወረደ። አጠበቃት። አባቷ መሪው ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ።

ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተንገራገረ፣ ቆመ። እንደገና አዞሩት። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው። ሚጡ ከኋላ ቆማ ምንም አልታያትም።

«ተነሳ?» አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ያው ቃል ነበር፣ በዚያው ድምፅ። የአባቷ እጅ ከቁልፉ ላይ ወደቀ። የቃሉን ነገር ከሚጡ የሰሙት እናቷም የበሩን መቃን ያዙ። ሚጡ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ጭሱ ውስጥ ሌላ ሰው አብሯቸው የቆመ ይመስል ሦስቱም ደርቀው ቀሩ።

የቃሉን ነገር የማያውቀው መካኒኩ ብቻ ነው። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ነበር። ሞተሩ በዚህኛው ሙከራ አልቆመም፤ ዝግ ብሎ፣ እየተስተካከለ፣ እየሠራ ነው።

«አዎ» አለ ጮክ ብሎ። «ተነሳ።»

እናቷ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «እሰይ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። «እሰይ ልጄ፣ ተነሳልሽ።»

ማታው ሳይጨልም መካኒኩ ቧንቧው ሥር እጁን በሳሙና ዱቄት ሲያሽ ሚጡ ፎጣ ይዛ መጣች።

«ትናንት በጠራሁሽ ስም...» ብሎ ጀመረ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሌላም አለ። ከምደብቅሽ ብትጠዪኝ ይሻለኛል።» ፎጣውን አልተቀበላትም። «ከቀብሩ በኋላ ዕቃ ልልክ መናኸሪያ ሄድኩ። ድምፅ ማጉያው ‹ወደ ወደብ የሚሄደው አውቶቡስ› ሲል ዕቃውን ጥዬ ወደ ድምፁ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እመጣ ነበር። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ነው የምቀመጠው። ሽታው አይጣል ነው፣ ግን ከሁሉ ቦታ የሚጠራው እዚያ ነው።»

«እሷን ልትሰማ።»

«እሷን ልሰማ። እውነቱ እሱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ማይክራፎኑ ዝም አለ። አንድ ሹፌር ሰው ሳይጭን ሲነሳ በመስኮቱ እስከ ወገብሽ ወጣሽና ‹አንተ ባለ ቀይ ኮፍያ! ባዶ ወንበር ነው እንዴ የምታንሸራሽረው?› አልሽው። ሰውየው ደንግጦ ኮፍያውን አወለቀ። እሷ በዕድሜዋ ጮኻ አታውቅም። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የምመጣው መብራት ይጥፋ እያልኩ ነው።»

ሚጡ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት።

«ትናንት ግን ዓለሜ አልከኝ።»

«አልኩሽ።»

«ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?»

«ሁለቱም» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ይመርጥላት ነበር። ይህ ሰው ግን ለአባቷ መዋሸት ደግነት በሆነበት ሰዓት አልዋሸም። ስለዚህ አመነችው። ስላመነችውም ፈራች።

ፈርታም አልቀረች። በምሳ ሰዓት ፎቁን ወርዳ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ የናፍታ ሽታውን፣ እሷ የምሳ ዕቃዋን ይዘው። ብዙውን ጊዜ ስለማይረባ ነገር ያወራሉ። መንገደኛ እያዩ «ይሄ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የሚሄደው»፣ «ያቺ ሻንጣዋ ባዶ ነው» ይባባላሉ። በመሐል እሱ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ያኔ ሚጡ ወሬዋን ታቆማለች፤ ማንን እየሰማ እንደሆነ ስለማታውቅ። ዓይኑን ሲገልጥ ያፍራል። አንድ ቀን እጇን ያዘ። ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የሚነሳውን አውቶቡስ ሲያዩ ቆዩ።

ወሬ ለእናቷ ደረሰ።

«የእህትሽን ሰው?» አሉ። አልጮኹም። «ልጄ ለሠርጓ ባሰበችው ወንበር ላይ አንቺ ትቀመጪ? ድምፅሽን ስሰማ እየሞትኩ እንደምኖር እያወቅሽ?»

እናቷ ያሉትን ሚጡም ለራሷ ስትለው ከርማለች። በማግስቱ ምሳ ሳትይዝ ወደ አግዳሚው ወረደች።

«እማዬ ብቻ ብትሆን እታገል ነበር» አለችው። «እኔም ነኝ። ዓይንህን ስትጨፍን እጠፋለሁ። አንተ የተበላሸውን አውጥተህ ሌላ ትገጥማለህ፣ ሥራህ ነው። እኔ ግን መለዋወጫ አይደለሁም።»

«አይደለሽም።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

እሱ የማያውቀውን አይናገርም።

«ሂድ» አለች። «ድምፄ ወደማይደርስበት ቦታ ሂድ። አትደውልልኝ፣ አልደውልልህም። እዚያ ሆነህ የምትናፍቃት ማን እንደሆነች ስታውቅ፣ እኔን ከሆነ ተመለስ። እሷን ከሆነ... አልቀየምህም። እኔም እናፍቃታለሁ።»

ከከተማ ርቆ መንገድ የሚሠራ ድርጅት የማሽን ጠጋኝ ይፈልግ ነበር። ሄደ።

ክረምቱ ረዘመባት። ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጣ «ተሳፋሪዎች፣ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ዕቃችሁን አረጋግጡ» ስትል ዓይኗ ወደዚያ አግዳሚ ይሸሻል። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ስታይ ያናድዳታል። ቤት ውስጥ የቀረችዋን ጥቂት ወሬም ተወቻት።

አባቷ መኪናውን ይዘው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ዝናቡ ባባራበት ሰሞን እናቷ «ዛሬ እኔም እሄዳለሁ» ብለው ጋቢና ወጡ። ሲመለሱ ሚጡ ክፍል ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያን አቀበት ወጣነው» አሉ። «ቆመን ወረድን። ይሰማኛል ብዬ ነበር፣ ድምጿ፣ ትንፋሿ፣ የሆነ ነገር። ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ጋቢናው ውስጥም የለችም። እኔ ለካ ስወለውል የኖርኩት ባዶ መስታወት ነው።» የሚጡን ፀጉር ከግንባሯ ላይ ገለጥ አደረጉላት። «ቦታዋን ትወስጃለሽ ብዬ ነው ያን ያልኩሽ። የሷ ቦታ የሚወሰድ አይደለም። አንቺ የራስሽን ያዢ። ደግሞ ተናገሪ። በሬን ቋ ቋ የምታደርጊው ነገር ከድምፅሽ በላይ ነው የሚያስደነግጠኝ።»

ሚጡ ሳቀችም አለቀሰችም። ከዚያ ሰውየው የት እንዳለ እናቷ ጠየቁ፤ «አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

ፀሐይ ከወጣ፣ መንገዱም ከደረቀ በኋላ ነው የመጣው። ሚጡ ሥራ ጨርሳ ደረጃውን ስትወርድ ከታች ቆሟል። ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሷል። ስሙን ልትጠራ ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከተናገረች ጉዳዩን ድምጿ እንዳይወስነው ፈራች። በእጇ «አንተ ተናገር» አለችው።

«አስታወስኩሽ» አለ። «የእጅ ባትሪ ስትይዢ ከቡሎኑ ይልቅ ዓይኔ ላይ የምታበሪውን። ምሳሽን ስትበዪ የሚጣፍጠውን ለመጨረሻ ታስቀሪና ረስተሽው የምትነሺውን። ስትናደጂ ግንባርሽ ላይ የሚወጣውን ያን መስመር። ሁሉም መጣልኝ። ድምፅሽ ግን...» ቆም አለ። «ድምፅሽን ረሳሁት። አንድ ጠዋት ማሽን ሥር ተኝቼ ልሰማው ፈለግሁ፣ አልመጣም። የሷም አልመጣም። የሷ እስከዚያች ቀን ድረስ አብሮኝ ነበር። ገና ያኔ የቀበርኳት መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩላት። ሲወጣልኝ አንቺ አሁንም እዚያው አለሽ። ያለ ድምፅ፣ ግንባርሽን ቋጥረሽ።»

መንገደኛው በግራና በቀኝ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል። ሚጡ ዕንባዋን አልጠረገችም።

«ከስተሃል» አለች።

ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ያቺን አንዲት ቃል ወዴት እየወሰዳት እንደሆነ ሳታውቅ ጠበቀች።

«ድገሚው» አለ።

«ከስተሃል አልኩህ! ምግብ የለም እንዴ እዚያ? ደግሞ ይሄ ጺም ምንድን ነው?»

ዓይኑን ሲገልጥ እየሳቀ ነበር፤ የሚያየውም እሷን ነው።

«የማን ድምፅ ነው?» አለች በፍርሃት።

«የምትቆጣኝ ሴት ድምፅ ነው።»

በዚያው ዓመት ተጋቡ። አባቷ ሙሽሮቹን በጭነት መኪናው ይዘው ሲሄዱ በከተማው የሳቀ ሁሉ ሳቀ። እታለምን ሁለቱም እስካሁን ይናፍቋታል፤ አንዳንድ ቀን አብረው፣ አንዳንድ ቀን ለየብቻ። ለየብቻ በሚናፍቁበት ቀን አንዱ ሌላውን ምን ሆንክ፣ ምን ሆንሽ ብሎ አይጠይቅም። አጠገቡ ቁጭ ይልና እስኪመለስ ይጠብቀዋል።